የወርቁ ሂሳብ እና የሶዳው ሂሳብ፦ አንድ የላብራቶሪ ጉዳይ ከጎጃም

በክረምት መርሃ ግብር ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት የመመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ ይዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲው ጎጃም ውስጥ ነው፤ እሷም ብቸና አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ የምታስተምር፣ ለሥራ የማትሰንፍ ሰው ናት። ርዕሷ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዜኦላይት (ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት የሲሊከንና የአሉሚኒየም ማዕድን) ላይ በተቀመጡ የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች አማካይነት ግሉኮስን በአየር ኦክስጅን ወደ ግሉኮኒክ አሲድ መለወጥ። ረቂቁ ካታሊስቱ፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥነው ወርቅ፣ ሠርቷል ይላል። ሠንጠረዥ አለው፣ ወደ ላይ የሚወጣ ግራፍም አለው። ረዳት አማካሪዋ ስለነበርኩ ግራፉን ወደ ጎን ትቼ ዱቄቱን እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። በትንሽ ብልቃጥ አመጣችው። ነጭ ነው፤ ሌላ ቀለም ያልነካው ድፍን ነጭ።

ነገሩ ወዲያው ቆረቆረኝ። ወርቅ ቢጫ የሚሆነው በቁመናው እያለ ነው። ወደ ጥቂት ናኖ ሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ሲደቅ 520 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ይውጥና ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል። ነጭ ዱቄት ላይ 1 በመቶ ወርቅ ካለ ደግሞ ቀለሙን ለማየት ዓይን ይበቃል፣ መሣሪያ አያሻም።

«ዶክተር፣ ቅንጣቶቹ በጣም ደቀው ቢሆንስ?» አለችኝ።

ጥሩ ክርክር ነው። ከ2 ናኖ ሜትር በታች የወረደ ወርቅ ያንን ቀለም ያጣል። ስለዚህ በቀለም ብቻ ልፈርድባት አልፈለግኩም። ወርቁን ዱቄቱ ላይ ካስቀመጠች በኋላ የተጣራውን ውሃ ምን እንዳደረገችው ጠየቅኳት።

«አልደፋሁትም። ወርቅ የነካው ውሃ እኮ ነው፤ እንዴት ይደፋል?»

ጉዳዩን ያዳነው ይህ ንፍገት ነው። በሌላ ብረት ሠርታ ቢሆን ኖሮ ውሃው የዚያኑ ቀን ከመታጠቢያው ወርዶ ነበር።

ስለ ወርቁ ትንሽ ልበል። ኬሚስቶች ወርቅን ለረጅም ዘመን እንደ ሰነፍ ብረት ነበር የሚያዩት፤ አይዝግም፣ በቀላሉ ከሌላ ጋር አይዋሃድም፣ ለካታሊስትነትም አይታጭም። እ.ኤ.አ. በ1985 ግራሃም ሃቺንግስ አሲቲሊንን ወደ ቪኒል ክሎራይድ ለመለወጥ ወርቅ እንደሚበልጥ አሳየ። በ1987 ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታና ባልደረቦቹ በጣም የደቀቀ ወርቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ ኦክሲዳይዝ እንደሚያደርግ አሳተሙ። ሚላን ላይ ላውራ ፕራቲና ሚኬሌ ሮሲ በ1998 ወደ አልኮሎች፣ በ2002 ደግሞ ከባልደረባቸው ጋር ወደ ግሉኮስ ዞሩ። ከዚያ በፊት ለግሉኮስ ይሞከሩ የነበሩት ፕላቲነምና ፓላዲየም ናቸው፤ እነሱ ኦክስጅን ሲበዛባቸው ይታፈናሉ። ወርቅ ግን የግሉኮስን አንድ ጫፍ፣ አልዲሃይዱን፣ ይነካና ሌላውን ይተዋል። የሚላን ቡድን በ2004 ሌላም ነገር አየ፦ ምንም ያልተሸከመው፣ 3.6 ናኖ ሜትር የሆነ እርቃን ወርቅ መጀመሪያ ላይ ካርቦን ላይ ከተቀመጠው አያንስም፤ ሆኖም ብዙም ሳይቆይ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይሞታል። ተሸካሚ የሚያስፈልገው እንግዲህ ወርቁን ለያይቶ ለመያዝ ነው።

ግሉኮኒክ አሲድ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ማር ውስጥ ካሉት አሲዶች ዋነኛው እሱ ነው፤ ንቧ በኢንዛይሟ ከግሉኮስ ትሠራዋለች። በማዋለጃ ክፍልም ለኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር ለሚመጣ የደም ግፊት መንቀጥቀጥ) ማግኒዥየም ሰልፌት ሲሰጥ፣ መድኃኒቱ ከልክ ካለፈ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ስለሆነ አምፑሉ ከአጠገብ አይጠፋም። ሶዲየም ግሉኮኔት ደግሞ ኮንክሪት ቶሎ እንዳይጠነክር ይጨመራል። ዓለም በብዛት የሚያመርተው አስፐርጊለስ ኒጀር በሚባል ሻጋታ ነው። መምህርቷ በመግቢያዋ የቡሬንና የወንበርማን በቆሎ፣ ከዚያ የሚወጣውን ስታርች፣ ከስታርቹ የሚገኘውን ግሉኮስ ሁሉ ዘርዝራ ነበር። ከአንድ ብልቃጥ እስከ ቡሬ በቆሎ ያለው መንገድ ረጅም ነውና ያንን ክፍል እንድታሳጥረው ነግሬያታለሁ።

ዜኦላይቱን ራሷ ናት የሠራችው፣ ከሥራዋ ሁሉ እኔን ያስደሰተኝም ይህ ክፍል ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከቦምቦዋ የመጣ ካኦሊን (ነጭ ሸክላ አፈር) ከ600 ዲግሪ በላይ አቃጥላ ሜታካኦሊን አደረገችው፤ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ቀላቅላ፣ ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ የቴፍሎን ዕቃ ኦቨን ውስጥ አሳደረችው። ካኦሊን ውስጥ ሲሊከንና አሉሚኒየም እኩል ለእኩል ናቸው፣ እሷ በሠራችው ዓይነት፣ ዜኦላይት ኤ ውስጥም እንዲሁ፤ ስለዚህ ከውጭ ሲሊካ መግዛት አላስፈለጋትም። የክሪስታሉን ዓይነት የሚለየው የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ውጤት ንጹሕ ነው።

ወርቁ ላብራቶሪ ውስጥ ከተረፈ የ1 ግራም ብልቃጥ ክሎሮኦሪክ አሲድ የተወሰደ ነው። ከዚህ ጨው ክብደት ግማሽ ያህሉ ወርቅ ነው፤ በ1 ግራም ዜኦላይት ላይ 1 በመቶ ለማስቀመጥ 10 ሚሊ ግራም ወርቅ፣ ማለትም 20 ሚሊ ግራም ገደማ ጨው ይበቃል። ጨውን በውሃ ስታሟሟው ቢጫ ሆነ። በዚያው ኮስቲክ ሶዳ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ከ7 በላይ አሲድ አይደለም) 9 አደረሰችው፣ ዜኦላይቱን ጨመረች፣ እያሞቀች አማሰለች። ቢጫው ጠፋ። አጣራችው፤ የወረደው ውሃ ኩልል ያለ ነው። ወርቁ ውሃውን ትቶ ዱቄቱ ላይ ወጣ ብላ ደመደመች።

ቢጫነቱ ግን ከክሎራይዱ ጋር የሚሄድ ነው። በሶዳ ውስጥ ክሎራይዱ እየወጣ ሃይድሮክሳይድ ሲተካው፣ ወርቁ እዚያው ውሃ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀለሙን ይጥላል። ዜኦላይት ሳይጨመር ብቻውን ቢሞከርም ይጠፋል፤ ሞክራ አይታዋለች።

ከተቀመጠው ውሃ ጥቂት ሚሊ ሊትር በሙከራ ቱቦ ወስደን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሲዳማ አደረግነውና ስታነስ ክሎራይድ የሚባል የቆርቆሮ ጨው ጠብ አደረግንበት። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ጠቆር አለ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ቀለም እየተጥመለመለ ወደ ታች ወረደ፣ ቱቦውን ሞላው። የካሲየስ ሐምራዊ የሚባለው ይህ ምርመራ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ስንት ወርቅ የት እንዳለ ለማወቅ ማንም ትምህርት ቤት ሊሠራው ይችላል። መጠኑ የታወቀ ወርቅ በየቱቦው በደረጃ እያቀጠነች አጠገቡ ደርድራ ቀለሙን አስተያየችው። ከጨመረችው ወርቅ አብዛኛው ውሃው ውስጥ ነበር። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው» ብላ ሳቀች። እውነትም በእጇ የቀረው ጠጠር ብቻ ነው።

ለምን? የተከተለችው ዘዴ የተጻፈው ለቲታኒየም ኦክሳይድ ነው። የማንኛውም ኦክሳይድ ገጽ ቻርጁ ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች አለው፦ ቲታኒያ 6 አካባቢ፣ አሉሚና 8 እና 9 መካከል፣ ሲሊካ 2 አካባቢ። ከዚያ በላይ ገጹ ኔጋቲቭ ይሆናል። ዜኦላይት ግን ፒኤች ሳይጠብቅ ከመነሻው ኔጋቲቭ ነው፤ በማዕቀፉ ውስጥ አንድ አሉሚኒየም በገባ ቁጥር አንድ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይፈጠራል፣ ያንን ሶዲየም ያቻችለዋል። ዜኦላይት ኤ ደግሞ አሉሚኒየም እስከ መጨረሻው ልክ የገባበት ነው። ፒኤች 9 ላይ ያለው ወርቅም ኔጋቲቭ አዮን ነው። ሁለቱ ይገፋፋሉ። የዘዴ ክፍሉን እንዳለ ወስዶ ተሸካሚውን ብቻ መቀየር በብዙ ረቂቅ ውስጥ የማየው ነገር ነው፤ ዘዴው ከተሸካሚው ጋር የተጋባ መሆኑ ይረሳል።

ሌላው በረቂቁ የተጻፈው ምክንያት፣ «ዜኦላይት ሰፊ ገጽ ስላለው» የሚለው፣ ለዚህ ሥራ አይረዳም። ሰፊው ገጽ ያለው ቀዳዳው ውስጥ ነው፣ የዜኦላይት ኤ ቀዳዳ በር 0.4 ናኖ ሜትር ነው። ግሉኮስ የዚያን እጥፍ ያህል ስለሆነ አይገባም። ለግሉኮስ የሚጠቅመው ውጭ ያለው ገጽ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ጥቂት ነው። በእኔ ግምት ሥራውን ለማቅለል የፈለገ ሰው አሉሚና ወይም ካርቦን ቢወስድ ይሻለዋል። ዜኦላይቱን እንድትተው ያልነገርኳት ካኦሊኑ የአገራችን ስለሆነና የሠራችው ነገር ጥሩ ስለነበር ነው።

ወርቁ ውሃ ውስጥ ከቀረ ታዲያ ያ ግራፍ እንዴት ወጣ?

ላብራቶሪው ኤችፒኤልሲ (በፈሳሽ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ስለሌለው የምትለካው በቡሬት፣ መጠን በተሰመረበት ማንጠባጠቢያ ቱቦ፣ ነበር። ግሉኮኒክ አሲድ ሲፈጠር ፒኤች ይወርዳል፤ 9.5 ላይ ለማቆየት ሶዳ ይንጠባጠባል፣ ለአንድ ሞል (የሞለኪዩል መቁጠሪያ) ግሉኮስ አንድ ሞል ሶዳ። 10 ግራም ግሉኮስ 55.5 ሚሊ ሞል ነው፤ ሁሉም ከተለወጠ 1 ሞላር የሆነ ሶዳ 55.5 ሚሊ ሊትር ያስጨርሳል። ርካሽና ቀጥተኛ ዘዴ ነው፣ የውጭዎቹም ይጠቀሙበታል። ጉድለቱ ሶዳ የሚበላው ብዙ መሆኑ ነው። ሙቅ ሶዳ ውስጥ የገባ ግሉኮስ ወርቅ ባይኖርም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከፊሉ ወደ ፍሩክቶስ ይዞራል፣ ከፊሉ ወደ ትናንሽ አሲዶች ይሰባበራል፣ ፈሳሹም ይጠቁራል። ሥራው እንዲፈጥንላት እስከ 70 ዲግሪ አሙቃ ነበር። በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ ስታሳየኝ ፍላስኩ ውስጥ ያለው የብርዝ ቀለም ይዟል። ግሉኮኔት ቀለም የለውም። ያ ቀለም ብቻውን ብዙ ይናገር ነበር።

ሁለተኛው በላተኛ ከአየሩ ጋር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የምትነፋው በዓሣ ገንዳ ፓምፕ ነበር። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ቢሆንም፣ ለሰዓታት ሲነፋ ከ55.5ቱ ላይ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ግሉኮስ ሲያገኝ የሚቀላው የቤኔዲክት መመርመሪያም አያስታርቅም፤ ፍሩክቶስም ያቀላዋል።

ወርቅ በሌለው ባዶ ዜኦላይት ሁሉንም ነገር እንዳለ እንድትደግመው ተነጋገርን። ብላንክ የሚባለው ነው፣ ረቂቁ ውስጥ አልነበረም። ቡሬቱ በዚያውም ወረደ። ሁለቱን ግራፎች አንድ ወረቀት ላይ ስታስቀምጣቸው አንዱ ባንዱ ላይ ተደረበ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ረቂቅ የለካው ሶዳ ግሉኮስን ሲያበላሽ ነው።

እዚህ ላይ የጎጃም ከፍታም ይገባል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ላይ ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 75 በመቶ አካባቢ ነው። በ50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ በሊትር 5.5 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 4 ይወርዳል። 10 ግራም ግሉኮስ በትንሹ 890 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ግን ባንድ ጊዜ የሚይዘው 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ያንን ክፍተት የሚሞላው ነፋሹና ማማሰያው ነው። ስለዚህ የሌላ አገር ጽሑፍ ላይ ያለውን ፍጥነት እዚህ መጠበቅ አይገባም፤ ያነበበቻቸው አብዛኞቹ ደግሞ ንጹሕ ኦክስጅን የነፉ ናቸው።

ወርቁን ዜኦላይቱ ላይ ለማስያዝ የታሰበው መጀመሪያ የተለመደው የኮሎይድ መንገድ ነው፦ ወርቁን በፖሊቪኒል አልኮል ጥበቃ ውሃ ውስጥ አድቅቆ፣ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 1 ወይም 2 አውርዶ ተሸካሚው ላይ ማስቀመጥ። ካርቦን ላይ ይሠራል። ዜኦላይት ኤ ግን አሲድ አይችልም። ትንሽ ዱቄት ቱቦ ውስጥ አሲድ ጨምራበት ቁጭ አለች፤ ዱቄቱ ሟሟ፣ አድሮ ፈሳሹ ሁሉ ረግቶ ጄል ሆነ፣ ቱቦው ሲገለበጥ አይፈስም።

ከዚያ አሞንያ አነሳች። ወርቁ ከአሞንያ ጋር ፖዘቲቭ አዮን ስለሚሆን ሐሳቡ ከኬሚስትሪ አንጻር ትክክል ነው። እኔ ግን አልፈቀድኩም፣ ለሌላም ሰው አልፈቅድም። ወርቅና አሞንያ ሶዳ ባለበት ተገናኝተው ሲደርቁ በመንካት ብቻ የሚፈነዳ ነገር ይፈጥራሉ፤ አልኬሚስቶች ከጥንት ጀምሮ ጣታቸውን ያጡበት ነው። በተለይ ማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቀ ዱቄት በብረት ማንኪያ መፋቅ የሚወድ ተማሪ ባለበት ላብራቶሪ፣ ይቅር።

የተረፈው ኤቲሊንዳያሚን ነው፣ ከኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መደርደሪያ የማይጠፋ ነገር። ሁለት የኤቲሊንዳያሚን ሞለኪዩሎች ወርቁን ከግራና ከቀኝ ይይዙትና ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ይሆናል። ኔጋቲቩ ዜኦላይት ሶዲየሙን ለቆ ይህንን ይቀበላል። አዮኑ በ0.4 ናኖ ሜትር በር ስለማይገባ የሚቀመጠው ውጭ ነው፤ ግሉኮስም የሚደርሰው እዚያው ነው። ችግሩ ቦታው ጠባብ መሆኑ ነው። ማይክሮ ሜትር የሚያህል ክሪስታል ውጫዊ ገጹ በግራም ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ አብረን ስናሰላው 1 ግራም ዜኦላይት ከ1 ሚሊ ግራም ብዙ የማይበልጥ ወርቅ ነው የሚይዘው፣ 0.1 በመቶ ማለት ነው። ርዕሱ 1 በመቶ ይላል። መጀመሪያ ቅር አላት፣ ማነስ መስሎ ታያት። ለወርቅ ግን 0.1 በመቶ አያሳፍርም፤ ብረቱ ውድ ነው፣ ሲበዛም ይጓጎላል። ቁጥሩ ተቀየረ።

የድሮው ውሃም ሥራ ላይ ዋለ። ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋ፣ አሲዳማ አድርጋ፣ ቫይታሚን ሲ ጨመረችበት። ወርቁ ቡናማ አተላ ሆኖ ዘቀጠ። አጥባ ስታደርቀው ጭቃ እንጂ ወርቅ አይመስልም። ከዚያ ጥቂት ቅንጣት መስታወት ላይ አድርጋ በማንኪያ ጀርባ ጫን አድርጋ ጠረገችው፤ ከማንኪያው ሥር ቢጫ መስመር አበራ። ያንን ከጭስ ማውጫው ሥር በሃይድሮክሎሪክና በናይትሪክ አሲድ ድብልቅ እንደገና አሟሟችው፣ ናይትሪኩንም ደጋግማ ከሃይድሮክሎሪክ ጋር በማትነን አስወጣችው።

አዲሱ ዱቄት፣ የታጠበበት ውሃ በብር ናይትሬት ሲፈተሽ ነጭ ደመና መስጠቱን እስኪያቆም ድረስ፣ ከክሎራይድ ታጠበ፤ ክሎራይድ ከቀረ ቅንጣቶቹን ያሳድጋቸዋል። ከዚያ የወርቁን አዮን ወደ ብረትነት የሚመልሰው ትኩስ የተበጠበጠ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ጠብ ሲደረግበት ነጩ ዱቄት ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ። የታጠበበት ውሃ ላይ ስታነስ ክሎራይድ ሲጨመር ለዓይን የሚሞላ ቀለም አልሰጠም።

ሁለተኛው ሙከራ በ50 ዲግሪ ተካሄደ። አየሩ መጀመሪያ በሶዳ፣ ቀጥሎ በኖራ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ፤ የኖራው ውሃ እስካልደፈረሰ ድረስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አላለፈም ማለት ነው። ብላንኩ አንድ የሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጠ። ከጠዋት ጀምሮ የወርቁ ቡሬት በቋሚነት ሲወርድ የብላንኩ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፣ ሁለቱም ፈሳሾች ውሃ መሰሉ። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ፓምፑና ማማሰያው ባንዴ ሲቆሙ ውሃው ግን እንደሞቀ ነው፤ ኦክስጅን የሌለው ሙቅ ሶዳ ደግሞ ግሉኮሱን ማበላሸት ይጀምራል። ጄኔሬተር እስኪነሳ ፍላስኮቹን አውጥታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረቻቸው፤ ሰዓቱንም በማስታወሻዋ መዘገበች። ማታ ላይ ቡሬቱ ከ55.5ቱ ግማሹን አልፎ ነበር። ሠንጠረዡ ላይ የገባው ከብላንኩ የተቀነሰው ቁጥር ነው፤ ከመጀመሪያው ረቂቅ ቁጥር ያንሳል፣ ፈታኞቹም የጠየቁት ስለ ብላንኩ ነው።

ያልተፈታው የመልሶ መጠቀም ጉዳይ ነው። ዱቄቱ ታጥቦ እንደገና ሲገባ ፍጥነቱ ቀነሰ። ወርቁ ተነቅሎ ይሆናል ተብሎ ውሃው ሲመረመር ዋናው ኪሳራ ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ ደቃቁ ክሪስታል ከነወርቁ በማጣሪያ ወረቀቱ አልፎ ይሄዳል፣ የተጣራው ውሃ ብርሃን ላይ ሲያዝ ደብዘዝ ይላል። በሴንትሪፉጅ ስትለየው ኪሳራው ቀነሰ፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። በሚቀጥለው ክረምት ሥራውን የሚረከበው ተማሪ ዜኦላይቱን ከጥቂት ካኦሊን ጋር አቡክቶ እንክብል ሊያደርገው አስቧል። ወርቁን እንክብሉ ከተቃጠለ በኋላ እንዲያስቀምጥ ተነግሮታል፤ አስቀድሞ ቢያስገባው የፈርነሱ ሙቀት ቅንጣቶቹን አንድ ላይ ያቀልጣቸዋል።